በቤተሰብ መኪና ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ መግጠም፦ ለቁልቢና ለባሌ ብርድ

የሳቢያን አባወራ (ድሬዳዋ)
ኅዳር 11፣ ማታ 2፡20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሚኒባሳችን ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ ልገጥም ነው። ልጆች የሚተኙበት ስለሆነ ቆርቆሮውን ከመብሳቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ማማከር ፈለግኩ።

መኪናው ረጅሙ ሃይስ ነው፣ ናፍጣ። የኋላ ወንበሮቹን አስወጥተን አልጋ፣ መደርደሪያና ትንሽ የጋዝ ምድጃ አስገብተንበታል። የምንተኛበት እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እናቴ ነን። ድሬ ለምትኖሩ ማሞቂያ ሲባል ግር ሊላችሁ ይችላል። እኛ ግን በየዓመቱ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል እናድራለን። የደንገጎን ዳገት ከወጣህ በኋላ አየሩ ሌላ ነው። እናቴ ቁርጥማት አለባት፤ ሌሊቱን ጉልበቷን ይዛ ነው የምታነጋው። በጥር ደግሞ ልጆቹን ባሌ ወስደን ቀይ ቀበሮ ልናሳያቸው አስበናል። ዲንሾ አድረን የሳነቲን አምባ ማቋረጥ ነው ሐሳቡ።

ማሞቂያውን የባለቤቴ ወንድም ከጀርመን ነው ያመጣልን። ከአሮጌ ካራቫን (በመኪና ከሚጎተት መኖሪያ) የተፈታ ነው። ትሩማቲክ ኢ 2400 ይላል። የጭስ ማውጫውና ሽቦው አብሮት አለ፤ መመሪያው ግን የለም። ቤት የምንጠቀምበት ሲሊንደር ይሆነዋል? ሲሊንደሩ የት ይቀመጥ? ጭሱ በየት ይውጣ? ተራራ ላይስ ይሠራል? አንድ ጎረቤቴ «ጋዙን ተወው፣ የናፍጣ ማሞቂያ አስመጣ» ይለኛል። የሞከረ ካለ ይንገረኝ።

ጋራዥ ከዚራ (ድሬዳዋ)
ኅዳር 11፣ ማታ 3፡45

አቦ ከመብሳትህ በፊት መጠየቅህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ መኪናው እኛ ጋ የሚመጣው ተበስቶ ካለቀ በኋላ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንያዝ። ሰው በሚተኛበት መኪና ውስጥ እሳቱ የሚፈልገው አየር ከውጭ ይገባል፤ ጭሱም ወደ ውጭ ይወጣል። እናንተ የምትተነፍሱት አየርና የእሳቱ አየር በምንም በኩል አይገናኙም። ይህ ካልተሟላ ስለ ሌላው ማውራት ዋጋ የለውም። ያንተ ማሞቂያ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። እሳቱ የሚነደው በታሸገ ብረት ውስጥ ነው። ቬንትሌተሩ የመኪናውን አየር በዚያ በጋለ ብረት ዙሪያ አሳልፎ ያሞቀዋል። ዕቃው ጥሩ ዕቃ ነው። ግን አርጅቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ተፈትቶ የውስጡ ብረት ስንጥቅ ወይም ዝገት እንዳለው ይታያል። የጭስ ማውጫው መጋጠሚያ ላይ ያለው ጎማ ደግሞ ሳይጠየቅ በአዲስ ይቀየራል። ብረቱ ከተሰነጠቀ ማሞቂያው ይጣላል። ብየዳ አይነካውም።

ለምን እንደማጠብቅ በቁጥር ላሳይህ። 1 ኪሎ ጋዝ በደንብ እንዲነድ ወደ 12 ሜትር ኩብ አየር ይፈልጋል። ያንተ ማሞቂያ በሙሉ ጉልበቱ 2.4 ኪሎ ዋት ይሰጣል፤ በሰዓት እስከ 200 ግራም ጋዝ ይበላል። በየሰዓቱ ከ2 ሜትር ኩብ በላይ አየር ማለት ነው። የሃይስ ውስጡ ባዶውን 10 ሜትር ኩብ አይሞላም። አምስት ሰው ደግሞ ይተነፍስበታል። እሳቱ ከዚያ አየር ከጠጣ ለማን ይተርፋል?

ሲሊንደሩ ከመኝታው ተለይቶ በራሱ ሣጥን ይቀመጥ። ከኋላ በር በኩል ብቻ የሚከፈት የላሜራ ሣጥን አሠራለት። ወደ መኝታው የሚያይ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን። ቱቦው የሚያልፍበትም ጭምር። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ፕሮፔን አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ያህል። ካመለጠ እንደ ፈሰሰ ውሃ ዝቅተኛውን ቦታ ፈልጎ ይተኛል። ስለዚህ የሣጥኑ ወለል ተበስቶ ወደ መሬት ይከፈታል። የአውሮፓው ደንብ ከሣጥኑ ወለል ስፋት 2 በመቶ፣ ሲያንስ ሲያንስ ደግሞ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይላል። 10 በ10 የሆነ ቀዳዳ ማለት ነው። ከማርሚታው በላይ እንዳይውል ተጠንቀቅ። ሲሊንደሩ ቆሞ በቀበቶ ይታሰር፤ ተጋድሞ አይሠራም። ፈሳሹ ወደ ሬጉላተሩ ይገባልና። ሣጥኑ ውስጥ ባትሪም፣ ስዊችም፣ አምፖልም አይቀመጥ።

የጭስ ማውጫውን በግራ በኩል አድርገው። ተንሸራታቹ በር በቀኝ ነው፤ ሰው የሚገባ የሚወጣው በዚያ ነው። ከሚከፈት መስኮትና ከነዳጅ መሙያው ከግማሽ ሜትር በላይ ይራቅ። ከላዩ ያለው መስኮት ጨርሶ እንዳይከፈት ብታደርገው ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ወለሉ ሥር የሚያልቅ ጭስ ማውጫ ግን አልገጥምልህም። ጭሱ ከሥር ተጠራቅሞ በወለሉ ክፍተት ተመልሶ ይገባል።

ለቬንትሌተሩ የራሱ ፊውዝ ያለው መስመር ከለብቻ ባትሪ ሳብለት። የሞተሩን ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ከጠጣው ጠዋት መኪናው አይነሳም።

ሸዋ በር (ሐረር)
ኅዳር 12፣ ጠዋት 1፡10

ወሪያ ይህ ሁሉ ወጪ ለምን? ቁልቢ እኮ አንድ ሌሊት ናት። ከሰሉን ውጭ ታቀጣጥለዋለህ። ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ነው የምታስገባው። አጠገቡ ውሃ በሳህን ታስቀምጣለህ፣ መጥፎውን አየር ይስባል ይባላል። መስኮት በትንሹ ትከፍታለህ። አባቶቻችን እንዲሁ አይደል ያደሩት?

ሂዊ ነርስ (ሐረር)
ኅዳር 12፣ ጠዋት 4፡30

ሸዋ በር ወንድሜ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብህ፣ ይህን አታድርግ። ለሌላ ሰውም አትምከር። ሌሊት ተረኛ ሆኜ በከሰል የታፈነ ሰው ተቀብያለሁ። ቤተሰብ ሙሉ ሲመጣ አይቻለሁ። ስለዚህ በደንብ ላስረዳ።

ሰዎች የሚፈሩት ጭሱን ነው። የሚገድለው ግን የማይታየው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስነጥስም። እንዲያውም ጭሱ ያለቀለት ቀዩ ፍም ነው በብዛት የሚያወጣው። ውሃው ምንም አይስብም፤ ይህ ጋዝ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነው።

ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ አየሩ ውስጥ ትንሽ ብትሆንም ሰዓት ባለፈ ቁጥር ደሙ ውስጥ ትጠራቀማለች። መጀመሪያ ራስ ምታት ነው። ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ መዛል። ነቅቶ ያለ ሰው ይህን አይቶ ሊወጣ ይችላል። የተኛ ሰው ግን እንቅልፉ እየከበደው ይሄዳል እንጂ አይነቃም። ሕፃናት ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ቀድመው ይጎዳሉ። ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ጽንሱ ከእናቱ በላይ ይጎዳል።

መስኮት በትንሹ መክፈትን በተመለከተ፣ ምን ያህል ክፍተት እንደሚበቃ ማንም ሊነግርህ አይችልም። ነፋሱ ሌሊት አቅጣጫ ይቀይራል። ሰው በርዶት ተነስቶ ይዘጋዋል።

ድንገት ቢያጋጥማችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። በር ክፈቱ፣ ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር አውጡ፣ ሐኪም ቤት ውሰዱ። «አሁን ተሽሎኛል» ብሎ መቅረት የለም። ተራ አየር እየተነፈሰ የደሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ በግማሽ የሚቀንሰው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ነው። በማስክ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ወደ አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ጉዳይ ያሳስታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን እንዳለው አድርጎ ነው የሚቆጥረው። መለኪያው 98 ስላሳየ አትረጋጉ። ለሐኪሙ «እሳት ባለበት ዝግ ቦታ ነበርን» ብላችሁ ንገሩ። ይህች አረፍተ ነገር ሕክምናውን ትቀይራለች።

ሞተር አስነስቶ በሱ ሙቀት መተኛትም ያው ነው። እሱንም ተዉት።

ሸዋ በር (ሐረር)
ኅዳር 12፣ ቀን 7፡05

እሺ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለቤቴም ይሆነኛል። ይህን ጋዝ የሚያውቅ ደወል አለ ሲሉ እሰማለሁ፣ እውነት ይሠራል?

የለገሃር ልጅ (ጀርመን)
ኅዳር 12፣ ማታ 1፡50

ይሠራል ሸዋ በር። እዚህ ካራቫን ያለው ሰው ብዙ ነው፣ ደወሉንም ይሰቅላል። ለመኪናና ለጀልባ የሚሆነው ኢኤን 50291-2 የሚል የአውሮፓ ደረጃ ቁጥር ተጽፎበታል። የቤቱ አይነት ንዝረትና የሙቀት ለውጥ አይችልም። ጀርባው ላይ የሚያበቃበት ዓመት አለ። ውስጡ ያለው መለኪያ ያረጃል፣ ከዚያ በኋላ መብራቱ ቢበራም አይታመንም። አሮጌ ዕቃ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ይህችን ግን አዲስ ግዙ።

አባወራ፣ አሁን ወዳንተ። ማሞቂያው ጎን ላይ የተለጠፈች የብረት ሳህን አለች። በእጅህ ጠርገህ ሚሊባሩን፣ ማለትም የጋዙን ግፊት አንብብልኝ። ይህ ወሳኝ ነው። የድሮ የጀርመን ካራቫኖች የሚሠሩት በ50 ሚሊባር ነበር። ኋላ የመጡት በ30 ነው። ሁለቱ አይቀላቀሉም። የ30ውን ማሞቂያ በ50 ካስነሳኸው እሳቱ ከልኩ በላይ ገዝፎ ጥቀርሻና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣል። የ50ውን በ30 ካስነሳኸው ደግሞ እሳቱ ደካማ ይሆናል፣ በወጉ አይያዝም።

ሌላ፦ እዚህ የካራቫን ጋዝ መስመር በየ2 ዓመቱ ይመረመራል። ሬጉላተርና ጎማ ከ10 ዓመት በላይ አይቆይም። ደህና ቢመስልም ይቀየራል። የባለቤትህ ወንድም የላካቸው ጎማዎች ካሉ ዓመታቸው ላያቸው ላይ ታትሟል፤ ተመልከት።

የሳቢያን አባወራ (ድሬዳዋ)
ኅዳር 13፣ ጠዋት 12፡40

ሳህኗን አጽድቼ አየሁ። 50 ሚሊባር ይላል። የቤታችን ሬጉላተር ላይ ደግሞ 30 ተጽፏል። ምድጃዋም 30 ናት። አሁን ምን ይሻላል? ማሞቂያውን ወደ 30 የሚቀይር ሰው አለ የሚል ሰምቻለሁ፤ ጋዙ ወደ እሳቱ የሚወጣበትን ቀዳዳ በትንሹ ማስፋት ነው አሉኝ።

የለገሃር ልጅ (ጀርመን)
ኅዳር 13፣ ቀን 9፡15

ያን ቀዳዳ ማንም እንዳይነካብህ። የጋዙ መጠን የሚለካው በዚያች ቀዳዳ ነው፣ በእጅ ትራፓኖ የሚሠራ ሥራ አይደለም። መንገዱ ሌላ ነው። ዋናውን ሬጉላተር 50 አድርገው፣ ማሞቂያው ከዚያ ይመገብ። ወደ ምድጃዋ በሚሄደው መስመር ላይ ከ50 ወደ 30 የሚያወርድ ትንሽ ሬጉላተር ይገባል። እዚህ ለዚሁ ተብሎ ይሸጣል። አንድ ተጨማሪ ነገር፣ የሲሊንደር አፍ ከአገር አገር ይለያያል። የጀርመኑ ሬጉላተር ድሬ ያለው ሲሊንደር ላይ እንዲሁ አይገጥምም። ሲሊንደሩን የሚሸጥልህ ሰው ጋ ሬጉላተሩን ይዘህ ሂድ። በጎማና በፋሸታ አጣብቆ ማስገባት የለም።

ምድር ባቡር ጡረታ (ድሬዳዋ)
ኅዳር 13፣ ማታ 12፡30

ልጄ፣ ከፍተኛ ግፊት ላይ ዕድሜዬን የሠራሁ ሰው ነኝ። ስለ ቧንቧው እኔ ልናገር።

ከሬጉላተሩ በኋላ ያለው ጎማ አጭር ይሁን። ከሣጥኑ ግድግዳ ጀምሮ መዳብ ወይም ብረት ነው የሚሄደው። ጎማ በግድግዳና በወለል ውስጥ አይዘረጋም፣ ላሜራው ይበላዋል። መዳብ ከሆነ በየግማሽ ሜትሩ በማቀፊያ ይያዝ። መኪና ይንቀጠቀጣል፣ መዳብ ሲንቀጠቀጥ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ላሜራ በሚያቋርጥበት ቦታ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይደረግለት። በቆርቆሮ ብየዳ የተያያዘ መጋጠሚያ አልወድም፤ በቀለበት የሚጠበቅ ፊቲንግ ይሁን። መዳቡ ሲጠበቅ እንዳይጨመደድ ከውስጡ ትንሽ መደገፊያ ይገባል። ለማሞቂያው አንድ፣ ለምድጃው አንድ፣ ለየብቻ መዝጊያ ይኑራቸው። መዝጊያዎቹ ልጅ የማይደርስባቸው፣ እናንተ ግን በጨለማ በእጃችሁ ዳብሳችሁ የምታገኟቸው ቦታ ይሁኑ።

ከዚያ ፍተሻ። ዕቃዎቹ ተዘግተው መስመሩ ብቻ በአየር 150 ሚሊባር ይሞላል። መለኪያው ተሰክቶ ለ5 ደቂቃ ይጠበቃል። መርፌዋ ካልተንቀሳቀሰች አለቀ። ከተንቀሳቀሰች የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው ይቀባል፤ የሚያመልጥበት ቦታ አረፋ ይነፋል። በክብሪት የሚፈልግ ሰው አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ሠራተኛ መኪናህ አጠገብ አይድረስ።

ባለሙያ ስትመርጥ «በስንት ሚሊባር ትፈትሸዋለህ?» ብለህ ጠይቀው። መልስ ከሌለው ወደ ሌላው ሂድ።

የጅቡቲ መስመር (ድሬዳዋ)
ኅዳር 13፣ ማታ 3፡00

ጎረቤትህ ያለህን እኔም እደግፋለሁ። ከባድ መኪና ነው የምነዳው። ከአውሮፓ የሚመጡት ላይ የናፍጣ ማሞቂያ ተገጥሞ ይመጣል። በሰዓት ከ0.1 እስከ 0.25 ሊትር ነው የሚጠጣው፣ ከራሱ ታንከር። ሲሊንደር መሸከም የለ፣ ሣጥን መሥራት የለ፣ ጋዝ ጠፋ ብሎ መዞር የለ። እሱም እሳቱ ከውጭ ነው የሚተነፍሰው። ሃይስህ ናፍጣ ከሆነ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

ጋራዥ ከዚራ (ድሬዳዋ)
ኅዳር 14፣ ጠዋት 2፡20

የጅቡቲ መስመር ያለው እውነት ነው። ማሞቂያ ገና የሚገዛ ሰው ቢሆን እኔም ናፍጣውን እመክረው ነበር። ግን ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ ሰውየው ጥሩ የጋዝ ማሞቂያ በእጁ አለ። ሁለተኛው ከፍታ ነው። ተራ የናፍጣ ማሞቂያ ብዙውን ጊዜ የሚስተካከለው እስከ 1,500 ሜትር ላለ አየር ነው። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ነው፣ ጥሩ ይሠራል። ሐረር ግን ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል፣ ያኔ አልፎታል። ቁልቢ ከ2,000 በላይ ነው። ባሌን ተዉት። አየሩ ሲሳሳ ናፍጣው አልቃጠል ብሎ ጥቀርሻ ይሞላዋል፣ ከዚያ እንቢ ይላል። ከፍታን የሚያስተካክል ተጨማሪ ዕቃ ያላቸው አሉ፤ ናፍጣ ከመረጥክ እሱ ያለውን ግዛ። በዋጋ ርካሽ ሆነው የሚመጡት ላይ የጭስ ማውጫ ቱቦውን መጋጠሚያም በደንብ ማየት ነው። ቱቦው አልጋ ሥር እንዲያልፍ የሚገጥሙ አሉ። እኔ አላደርገውም።

ጎባ መንገድ (ሮቤ)
ኅዳር 14፣ ቀን 8፡40

እንግዳ ይዤ ሳነቲን የምመላለስ ሰው ነኝ። ከፍታውን እኔ ልጨምርላችሁ።

ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ሳነቲ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377። እዚያ የግፊቱ መጠን 60 በመቶ ገደማ ነው የሚቀረው። ጋዝም ቢሆን ናፍጣም ቢሆን ማሞቂያ ሁሉ እዚህ ይቸገራል። ጋዙ ያው መጠን ይፈስሳል፣ የሚያገኘው ኦክስጅን ግን ቀንሷል። እሳቱ ቢጫ ከሆነ፣ የጭስ ማውጫው አፍ ከጠቆረ ወዲያው ዝጋው። ሰማያዊ እሳት ነው የምትፈልገው።

ስለዚህ ምክሬ፣ ሳነቲ ላይ ከቤተሰብ ጋር አትደር። ቀይ ቀበሮውን ለማየት ማደር አያስፈልግህም። ዲንሾ ወይም ጎባ አድረህ በጠዋት ወደ ላይ ትወጣለህ። ቀበሮው አይጥ የሚያድነው በቀን ነው፣ መንገዱ ዳር ሳይቀር ታየዋለህ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሐረና ጫካ በኩል ስትወርድ ሪራን አልፈህ አየሩ ይሞቃል። ለእናትህም ይሻላል። በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ነው፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። ቀን ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ጃኬት ታወልቃለህ።

የሲሊንደሩን ጋዝ ምንነትም ጠይቅ። ባሕር ጠለል ላይ ቡቴን 0 ዲግሪ ሲደርስ መትነን ያቆማል። ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ይተናል። ከፍታው ለቡቴን ትንሽ ያግዘዋል። ቢሆንም ብዙ ቡቴን ያለበት ሲሊንደር በውርጭ ሌሊት ይደክማል፣ በተለይ ወደ ማለቁ ሲቃረብ። ሲሊንደሩን በፍል ውሃ ወይም በእሳት ለማሞቅ የሚሞክር ሰው ካለ አስቁሙት።

የደቻቱ እናት (ድሬዳዋ)
ኅዳር 14፣ ማታ 2፡00

ሁላችሁም ስለ ባሌ ትጽፋላችሁ። እኔ ስለ ቁልቢ ልናገር፣ እዚያ የማድረው ብዙ ነው።

በታኅሣሥ 18 ሌሊት ቁልቢ ላይ መኪናህ ብቻውን አይቆምም። ግራና ቀኝህ ሰው ነው። መኪናው ጥላ ስለሆነና ነፋስ ስለሚከልል ምእመናን ጋቢያቸውን ለብሰው ጎማው ሥር ተጠግተው ይተኛሉ። ሕፃን ያዘሉ እናቶች አሉ። የእናንተ ጭስ ማውጫ የሚተነፍሰው የነሱ ፊት ላይ ነው። ይህን ማንም አላነሳውም።

ጧፍ ደግሞ አለ። ሌሊቱን ሁሉ ይበራል፣ መሬት ላይ ይተከላል። ያ ጋዝ ቢያመልጥ ይውረድ ብላችሁ ወለሉን የበሳችሁት ቀዳዳ ሥር ጧፍ የሚያበራ ሰው አለ እኮ!

እኔ ብሆን ቁልቢ ላይ ማሞቂያውን ሰው ተኝቶ እያለ አላስነሳውም። ከድሬ ስትነሱ የአልጋ ፎም በመስኮቶቹ ልክ ቆርጣችሁ ያዙ፤ ብርዱ በብዛት የሚገባው በመስታወት ነው። ወለሉ ላይ አጎዛ ይነጠፍ። አምስት ሰው ተጠጋግቶ ሲተኛ ሙቀቱ ቀላል አይደለም። ለእናትህ ጉልበት በጎማ ጠርሙስ የሞቀ ውሃ በፎጣ ተጠቅልሎ ይበቃታል። ውሃውን ከውጭ አሙቁት።

ሂዊ ነርስ (ሐረር)
ኅዳር 14፣ ማታ 2፡35

የደቻቱ እናት፣ ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ነጥብ ነው። የጎማ ጠርሙሱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዕድሜ የገፉና ስኳር ያለባቸው ሰዎች እግራቸው መቃጠሉን ላይሰማቸው ይችላል። ውሃው የፈላ አይሁን፣ ቆዳ ላይም በቀጥታ አይረፍ።

ጋራዥ ከዚራ (ድሬዳዋ)
ኅዳር 15፣ ጠዋት 3፡10

እናት ያሉትን እደግፋለሁ። ቁልቢ ላይ ሲሊንደሩ ከላዩ ተዘግቶ ይደር። ማሞቂያው የሚበራው ከሰው ርቀት ባለበት ቦታ ነው። ዲንሾ ላይ ራቅ ብለህ ስትቆም ይሠራል። እዚያም ቢሆን ከመኝታ በፊት አሙቀህ ብታጠፋው እመርጣለሁ። በጉዞ ላይም ሲሊንደሩ ይዘጋ፤ ቢጋጭ ጋዙን የሚቆርጥ መሣሪያ ያንተ ላይ የለም።

የድሬን ሙቀት ደግሞ አትርሱ። እስካሁን ስለ ብርድ ብቻ ነው ያወራነው። የፕሮፔን ሲሊንደር ውስጡ በ20 ዲግሪ ከአየሩ በላይ ወደ 7 ባር ግፊት አለው። 50 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 16 ባር ይወጣል። ድሬ ፀሐይ ላይ ተዘግቶ የዋለ መኪና ውስጡ 50 ለመድረስ አይቸገርም። ሲሊንደሩ ይህን እንዲችል ተደርጎ የተሠራው 80 በመቶ ብቻ ከተሞላ ነው፣ ለፈሳሹ መስፊያ ቦታ ስለሚተርፍ። ከትልቅ ሲሊንደር ወደ ትንሽ ገልብጠው የሚሞሉ ሰዎች ይህን ልክ አይጠብቁም። እንዲህ የተሞላ ሲሊንደር መኪና ውስጥ አታስገባ። ጉዞ ሲያልቅ ደግሞ አውጥተህ ቤት ጥላ ሥር፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ አቁመው።

አቧራም አለ። የአየር ማስገቢያው ላይ አቧራ ይከማቻል፣ ተርብ ቤቷን ትሠራለች። ከየጉዞው በፊት አብርተህ እየው።

ቦሎ ስታድስ መኪናው ላይ የተደረገው ለውጥ ይታያል። ወንበሮቹን ስታወጣ አስፈቅደህ ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ ቆርቆሮውን ከመብሳታችን በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ጠይቅ።

የሳቢያን አባወራ (ድሬዳዋ)
ኅዳር 15፣ ማታ 1፡30

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን አንድ በአንድ አነበብነው። እናቴም የደቻቱ እናት የጻፉትን ስትሰማ «ልክ ናት፣ ሰው ከመኪናችን ሥር ተኝቶ እኛ አንሞቅም» አለች።

ለቁልቢ ማሞቂያ የለም። የመስኮት ፎምና አጎዛ እናዘጋጃለን። ለባሌ ግን ማሞቂያውን እንገጥማለን፤ ከጥር በፊት ከደረሰ። የባለቤቴ ወንድም የ50 ሬጉላተሩን፣ ከ50 ወደ 30 የሚያወርደውን፣ አዲስ ጎማና ደወሉን ይልካል። ሳነቲ ላይ አናድርም። ቢሮውንም ሰኞ እጠይቃለሁ። ጋሼ ምድር ባቡር፣ ፍተሻው ቀን መጥተው ቢያዩልን ደስታችን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ደወሉ የት ይሰቀል? ጣሪያ ላይ ወይስ ወለል?

የለገሃር ልጅ (ጀርመን)
ኅዳር 15፣ ማታ 3፡55

ሁለት የተለያዩ ደወሎች ናቸው፣ አትቀላቅላቸው። የካርቦን ሞኖክሳይዱ ክብደት ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ በሙሉ ክፍሉ ይሰራጫል። እሱ ተኝታችሁ ጭንቅላታችሁ ባለበት ከፍታ ይሁን፣ ከመጋረጃና ከመስኮት ራቅ ብሎ። የሲሊንደር ጋዝ የሚያውቀው ግን ወለሉ አጠገብ ነው የሚሰቀለው፣ ጋዙ ወደ ታች ስለሚወርድ። የባለቤትህ ወንድም ሁለቱንም እልካለሁ ካለ ሁለቱንም ተቀበል። አንዱን ብቻ ከሆነ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ይቅደም።

ምድር ባቡር ጡረታ (ድሬዳዋ)
ኅዳር 16፣ ጠዋት 1፡00

እመጣለሁ ልጄ። መለኪያው አለኝ። መዳቡን ከመግዛትህ በፊት ግን ስንት ሜትር እንደሚያስፈልግ መኪናው ላይ በገመድ ለክተን እንወስን፤ መሐል ላይ የሚቀጠል ቧንቧ አልፈልግም።